እንጨትም ብረትም የሚችል ሲኤንሲ ማሽን በወሎ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ እንጨት ቤት በሲኤንሲ፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚመራው መቅረጫ ማሽን፣ የተቀረጸ በር ደጁ ላይ ባቆመ ቁጥር ጎረቤቱ «እኔስ ማሽኑን ራሴ ብሠራውስ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ገጽ የተጻፈው ለዚያ ጎረቤት፣ ለበያጁ፣ ለቶርኖ ሠራተኛውና ከፖሊ ቴክኒክ ለሚወጣው ተማሪ ነው። ጥያቄዎቹን የደረደርናቸው ብር ከማውጣታችሁ በፊት መመለስ በሚገባቸው ቅደም ተከተል ነው።

በር የሚያህል ሥራም ብረትም የሚችል አንድ ማሽን መሥራት ይቻላል?

ፋብሪካ ይችላል፤ እኛ ግቢ ውስጥ በምንበይደው ብረት ግን አይሆንም። የማሽን ስፋትና ግትርነት አብረው አይኖሩም። ሁለት ጫፉ ላይ ተደግፎ መሃሉ ላይ የሚጫን አግዳሚ ብረት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 90 ሳንቲም ስፋት ያለው በር የሚያስገባ ማሽን ጋንትሪው፣ ማለትም ስፒንድሉን (ፑንታውን የሚያሽከረክረውን ሞተር) ተሸክሞ ከላይ የሚያልፈው ድልድይ፣ ወደ 1.25 ሜትር ይፈልጋል። የሥራ ስፋቱን 60 ሳንቲም ብታደርጉት ድልድዩ 80 ሳንቲም ይበቃዋል። በዚህ ብቻ ያው ብረት ወደ አራት እጥፍ ይጠነክራል፤ ምንም ተጨማሪ ብር ሳይወጣበት።

ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፦ ብረት መቁረጥ የምር ከሆነ ስፋቱን ቀንሱ። 40 በ60 ሳንቲም የሚሠራ ማሽን ለአልጋ ራስጌ ጌጥ፣ ለወንበር እግር፣ ለረከቦት፣ ለማኅተም፣ ለአሉሚኒየም ሻጋታና ለመለዋወጫ ይበቃል። በር ሲመጣ እንጨቱን በሁለትና በሦስት ዙር እየገፉ መቅረጽ ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የቦታ መያዣ ቀዳዳ ብሱ፤ ከሳንቃው በማይታየው ጀርባ በኩል ደግሞ በልካቸው እኩል ርቀት እየጠበቃችሁ ብሱበት። ሳንቃውን ከአንዱ ጥንድ ወደ ቀጣዩ ስታሻግሩት ቅርጹ መጋጠሚያው ላይ አይዛነፍም። ያደክማል፤ ቢሆንም በር ያስገባል ተብሎ ተሠርቶ ብረት ሲነካ ከሚንጫጫ ማሽን ይሻላል።

እኔ የምፈልገው ለግቢ በር ላሜራ መቅረጽ ነው። ያው አይደለም?

አይደለም። «ብረትም ይቁረጥልኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ የሚያስቡት የግቢ በር ላይ የሚለጠፈውን የ2 ሚሊ ላሜራ ጌጥ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ፕላዝማ ነው። የፕላዝማው ችቦ ብረቱን ስለማይነካ የሚገፋው ኃይል የለም፤ ቀለል ያለ ፍሬም፣ ቺንጋ ያለው እንቅስቃሴና ደረቅ አየር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ይበቃል። ማሽኑ የአንድ ሙሉ ላሜራ ስፋት ቢኖረውም ችግር የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው ብረቱን በፑንታ እየፋቀ ለሚያወጣ ሰው ነው። ላሜራ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ እዚህ ላይ አቁሙና ብራችሁን ለፕላዝማ አድርጉት።

ፍሬሜ ሰው ቢቆምበትም አይሰበርም። ታዲያ ብረት ሲነካ ለምን ይንቀጠቀጣል?

አለመሰበርና አለመነቃነቅ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የፑንታው ጥርስ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ብረቱን ይመታል። እያንዳንዷ ምት ፍሬሙን በጥቂቱ ትገፋዋለች፣ ፍሬሙም ተመልሶ ይመጣል። ጥርሱ የሚያነሳት ቅራፊ ውፍረቷ 0.02 ሚሊ ከሆነና ፍሬሙ 0.05 ሚሊ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ጥርሱ አንዴ አየር ይመታል፣ አንዴ ደግሞ እጥፍ ይነክሳል። የምትሰሙት ጩኸት ይህ ነው፤ የፑንታው ጫፍም የሚረግፈው በዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። 70 ሳንቲም ርዝመት ያለው 50 በ50 ባለ 3 ሚሊ አርኤችኤስ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) መሃሉ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ቢጫነው 0.034 ሚሊ ይጎብጣል። በ100 በ100 ባለ 5 ሚሊ ስትለውጡት መጉበጡ ወደ 0.0025 ሚሊ ይወርዳል። ክብደቱ ከሦስት እጥፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግትርነቱ ግን ወደ አሥራ አራት እጥፍ ሄደ። ልዩነቱን ያመጣው የቱቦው ቁመትና ወርድ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ድርሻ ትንሽ ነው። ብር ስታወጡ ትልቅ ቱቦ ግዙ፤ ትንሽ ቱቦ ላይ ውፍረት አትጨምሩ።

ሁለተኛው ተጠያቂ ከድልድዩ በታች የተንጠለጠለው ስፒንድል ነው። ፑንታው ወደ ጎን ሲገፋ ድልድዩን ማጉበጥ ብቻ ሳይሆን እንደ እጀታ ይዞ ይጠመዝዘዋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ክፍል ላይ ያሉት፣ በሬይሉ (በመሄጃው ሐዲድ) ላይ የሚንሸራተቱት ብሎኮች በ8 ሳንቲም ተራርቀው ፑንታው ከእነሱ 24 ሳንቲም ወደ ታች ቢወርድ፣ ብሎኩ ላይ ያለች 0.02 ሚሊ ክፍተት ጫፉ ላይ ወደ 0.06 ታድጋለች። ብሎኮቹን አራርቁ፣ ስፒንድሉን አሳጥራችሁ እሰሩ፣ ድልድዩንም ለጠረጴዛው ቅርብ አድርጉት። ወደ ላይና ወደ ታች 12 ሳንቲም እንቅስቃሴ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ 30 ሳንቲም የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ይለፋችሁ።

እንዲህ ላለ ትንሽ ማሽን ድልድዩ ተበይዶ የቆመ፣ የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛው የሆነ አሠራር እንመርጣለን። ወለሉ ላይ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ በምትኩ ድልድዩን የፈለጋችሁትን ያህል ማክበድ ትችላላችሁ።

አሉሚኒየም ፕሮፋይል ወይስ አርኤችኤስ?

አርኤችኤስ። ቅርጹ እኩል ከሆነ አሉሚኒየም ከብረት ሦስት እጥፍ ገደማ ይጎብጣል፣ እዚህ አገር ደግሞ ብረቱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኤምዲኤፍማ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ሃምሳ እጥፍ የላላ ነው፤ በዚያ ላይ የደሴ ክረምት እርጥበት ያሳብጠዋል።

ብየዳው ብረቱን ያጣምመዋል። ሬይሉ የሚያርፍበትን ቀጥ ያለ ገጽ ከየት ላምጣ?

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

መጀመሪያ ብየዳው። ሁሉንም መገጣጠሚያ በነጥብ ያዙ፣ ሰያፉን በሁለቱም በኩል ለኩ፣ እኩል ከሆነ ብቻ ቀጥሉ። ከዚያ አጭር አጭር እየበየዳችሁ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ዝለሉ፤ ብረቱ በእጅ እስኪነካ ይቀዝቅዝ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በያጅ ፍሬሙን ጠማማ አድርጎ ያስረክባችኋል፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። ፋብሪካዎች የተበየደውን ፍሬም 600 ዲግሪ ገደማ አሙቀው ቀስ ብለው በማቀዝቀዝ ውስጡ የታመቀውን ጭንቀት ያስወጣሉ። እንዲህ ያለ ምድጃ ካላገኛችሁ ሬይል የሚያርፍበት ቦታ አጠገብ ብየዳ ከማብዛት ተቆጠቡ፣ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በቡሎን እሰሩ።

ቀጥሎ ማስተካከሉ። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የተበየደውን ፍሬም ሚሊንግ ማሽን ላለው ወርክሾፕ ወስዶ የሬይሉን መቀመጫ ማስላጥ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ማሽኑን ማግኘት አይከብድም፤ ፍሬማችሁ ጠረጴዛው ላይ መግጠሙን ግን ከመበየዳችሁ በፊት ጠይቁ። ማሽኑን አሳንሳችሁ መሥራት የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው።

ሁለተኛው ኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክረው ሙጫ፣ ነው። በሁለቱ የሬይል መቀመጫዎች ዙሪያ ግድብ ትሠራላችሁ፣ ሁለቱን በአንድ መሻገሪያ ቦይ ታገናኛላችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀጭን ኢፖክሲ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ውፍረት ታፈሳላችሁ። ፈሳሹ ራሱ ውሃ ልክ ይሆናል፤ ቦዩ ስላገናኛቸው ሁለቱም መቀመጫዎች በአንድ ከፍታ ላይ ይደርቃሉ። አየሩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን ኢፖክሲው ይወፍራል፣ አረፋው አይወጣም፣ አይዘረጋምም። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ማታ ደሴ ላይ አታፍስሱ። ወይ ክፍሉን አሙቁ፣ ወይ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ አፍስሱት። ሲደርቅ የጠርዙ ዳር ትንሽ ከፍ ስለሚል ግድቡን ከሬይሉ ወርድ ሰፋ አድርጉ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው፦ ሬይሉን አስራችሁ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) እየለካችሁ ዝቅ ያለበት ቦታ ስር ቀጭን ቆርቆሮ ማስገባት። የለስላሳ ጣሳ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ገደማ ውፍረት ስላለው ለዚህ ሥራ በነጻ የተገኘ መለኪያ ነው። ለእንጨት በቂ ነው፤ ለብረት ግን ሬይሉ በነጥብ በነጥብ ብቻ ስለሚያርፍ ከስሩ ያለውን ክፍት ቦታ በኢፖክሲ መሙላት ያስፈልጋል።

ቱቦውን በአሸዋ ወይም በኮንክሪት ልሙላው?

ሙሉት፤ ጥቅሙን ግን አታጋኑት። መሙላት ግትርነት ብዙም አይጨምርም፤ የሚያደርገው ንዝረቱን ቶሎ ማብረድ ነው። ባዶ ቱቦ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ይጮሃል፣ የተሞላው «ዱም» ብሎ ዝም ይላል። ደረቅ አሸዋ ቀላሉና ርካሹ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከግድግዳውም ይላቀቃል፤ ከሞላችሁት ሬይል ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ወር ጠብቁት። ከሁሉ የሚሻለው ጠጠርና ኢፖክሲ ነው፦ በክብደት ከመቶ 85 እስከ 90 የታጠበና የደረቀ ጠጠር፣ የቀረው ኢፖክሲ። ጠጠሩ መጠኑ የተቀላቀለ ይሁን፣ ትንንሹ በትልልቁ መሃል እንዲገባ። በዚህስ ወሎ የታደለ ነው፤ ተራራው ሁሉ ባዛልት ነውና ከድንጋይ መፍጫው የሚወጣው ጥቁር ጠጠር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው።

የትኛው ሬይል፣ የትኛው ስክሩ?

ለብረት ኤችጂአር 20 የሚባለው አራት ማዕዘን ሬይል፣ ለእያንዳንዱ ሬይል ሁለት ብሎክ። ከስሩ የተደገፈው ክብ ሬይል፣ ኤስቢአር የሚባለው፣ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን ኩሽኔታው ከታች ክፍት በመሆኑ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲጎተት ይላላል። ለዋንዛ ይሆናል፣ ለብረት አይሆንም።

ስክሩውን 1605 አድርጉት፤ 16 ሚሊ ውፍረት፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊ የሚሄድ ቦል ስክሩ (ዳዶው በትንንሽ ኳሶች ላይ የሚሄድ ዘንግ) ነው። በአንድ ጫፉ ወደፊትም ወደኋላም የማያላውስ ኩሽኔታ ይታሰር፣ ሌላው ጫፍ ነጻ ይሁን። ሁለቱንም ጫፍ አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ሲሞቅ የሚረዝምበት ቦታ ያጣና ይጎብጣል። የግንባታ ዘንግ ላይ በዳዶ የሚሄድ ማሽን አይተው የሚጠይቁን አሉ። ይሄዳል፤ አቅጣጫ ሲቀይር ግን በዳዶው ክፍተት ልክ ይዘገያል፣ ክቡም ቀዳዳ እንቁላል ሆኖ ይወጣል።

ትልቅ ሞተር ብገዛ አይሻልም?

አይሻልም። 2 ኒውተን ሜትር ያለው ኔማ 23 የሚባል መጠን ያለው ስቴፐር (በእርምጃ የሚዞር ሞተር) በ5 ሚሊ ስክሩ ላይ በዝግታ ሲሄድ ከ200 ኪሎ በላይ ይገፋል። ወይራም ሆነ በትንሽ ፑንታ የሚቆረጥ ብረት ይህን አይጠይቅም። ማሽኑ ካቃተው ያቃተው ፍሬሙ ነው፤ ትልቅ ሞተር ደካማ ፍሬምን ይበልጥ ያጎብጠዋል እንጂ አያጠነክረውም። ለሞተር ያሰባችሁትን ትርፍ ብር ወደ ቱቦውና ወደ ሬይሉ አዙሩት።

ስፒንድልስ? ከፍታችን ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ለደሴ ስላልተጻፉ ይህን አይነግሯችሁም። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ ከመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሯ ሳስቷል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ስፒንድልና ዙሩን የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር 15 ከመቶ ያህል አቅም ያጣሉ ብላችሁ አስሉ። ኮምቦልቻ ላይ ቅነሳው ከ10 ከመቶ በታች ነው። በውሃ የሚቀዘቅዘው ስፒንድል ይህ አይነካውም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ 2.2 ኪሎዋት በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ኢአር 20 ኮሌት (የፑንታ መጨበጫ) ያለው እንመርጣለን። የቧንቧ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ስለሚተው ንጹሕ የዝናብ ውሃ ወይም ዲስቲልድ ተጠቀሙ።

ሌላው ጉዳይ ፍጥነት ነው። እነዚህ ስፒንድሎች በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር የሚሄዱት ለእንጨት ታስበው ነው። ተራ ብረት በካርባይድ ፑንታ ሲቆረጥ የጥርሱ ፍጥነት በደቂቃ 100 ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ይህ ለ6 ሚሊ ፑንታ 5,300 ዙር፣ ለ4 ሚሊ 8,000 ዙር ነው። ስፒንድሉ በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ ስለሚወርድ ብረት ላይ ትንሽ ፑንታ ተጠቀሙ። በአየር የሚቀዘቅዘው ደግሞ ማራገቢያው ራሱ ዘንጉ ላይ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ቶሎ ይግላል።

ወይራ፣ ዋንዛና ብረት በምን ፍጥነት ይቆረጣሉ?

ዋንዛ ገር ነው፤ ስሕተትን ይችላል። ወይራ ግን ደርቆም ክብደቱ ከውሃ ብዙ አይርቅም፣ ቃጫውም የተጠላለፈ ነው። ሰው ወይራ ሲያይ ፈርቶ ማሽኑን ያዘገየዋል፤ ያኔ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ይፋተጋል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ፑንታውም ይቃጠላል። ሁለት ጥርስ ባለው 6 ሚሊ ፑንታ በ16,000 ዙር በደቂቃ 2.5 ሜትር ሂዱ፤ ጥልቀቱን በአንድ ዙር 2 ሚሊ አድርጉና ድምፁን እየሰማችሁ ጨምሩ። መፍራት ካለባችሁ ጥልቀቱን ቀንሱ፣ ጉዞውን አታዘግዩ።

አሉሚኒየም፦ አንድ ጥርስ ያለው 6 ሚሊ ፑንታ፣ 16,000 ዙር፣ በደቂቃ 800 ሚሊ፣ ጥልቀት ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ። ቅራፊውን በአየር አባርሩ፣ አልፎ አልፎ በብሩሽ ትንሽ ነጭ ጋዝ ቀቡ፤ ከእሳትና ከብየዳ ግን አርቁ። ድስት ቀልጦ በሻጋታ የፈሰሰ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል፤ ማሽኑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ደህና ቁራጭ ሞክሩ።

ተራ ብረት፦ አራት ጥርስ ያለው 4 ሚሊ ካርባይድ፣ 8,000 ዙር፣ በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ሚሊ፣ ጥልቀት 0.2 ሚሊ። ዝግ ያለ ሥራ ነው። የሞላ ብረትና የጠነከረ ዘንግ አትሞክሩ።

መብራት በሥራ መሃል ቢጠፋስ?

ሦስት ነገር ይከሰታል። ሞተሮቹ ቦታቸውን ይረሳሉ፤ ለዚህ ዳር ላይ የሚነካ ስዊች ግጠሙ፣ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ዜሮው ይመለሳል፣ ሥራው ከቆመበት ጥቂት መስመር ወደኋላ ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ሁለተኛ፣ ቦል ስክሩ ያለ ሞተር ክብደት ስለማይዝ ስፒንድሉ በራሱ ክብደት ይወርድና ሥራው ላይ ያርፋል። ብሬክ ያለው ሞተር መግዛት ይቻላል፤ የአሮጌ መኪና የኋላ በር ማንሻ የጋዝ ዘንግም ክብደቱን ይሸከማል።

ሦስተኛው የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ወጥመድ ነው። ኮምፒውተሩንና ሞተሮቹን በዩፒኤስ የያዘ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ ስፒንድሉ ይቆማል፣ ሞተሮቹ ግን የቆመውን ፑንታ እየገፉ ይሰብሩታል። በቀጥታ ከመስመሩ የሚሠራ የ220 ቮልት ሪሌ አስገቡ፤ መብራቱ ሲሄድ ሪሌው ይለቅና ኮንትሮለሩን (ሞተሮቹን የሚያዘውን ክፍል) «ቁም» ይለዋል።

ስፒንድሉ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሽቦና ብሬከር ይሳብለት፣ አርዝም ይኑረው። የኢንቨርተሩን ሽቦ ከስዊቾቹ ሽቦ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ አታሳልፉ፤ ማሽኑ ያለ ምክንያት መሃል ላይ ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ምን ዓይነት ኮንትሮለር?

ጂአርቢኤል የሚባለው ፕሮግራም ለሦስት ሞተር ይበቃል፣ ነጻ ነው። ሊኑክስሲኤንሲም ነጻ ነው፣ በአሮጌ ዴስክቶፕ ይሠራል፣ ለመማር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ለማይወድ ባለሙያ በፍላሽ የሚሠራው የእጅ ዲኤስፒ (በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ) ይሻላል፤ አቧራም ይችላል። ለሥዕሉና ፑንታው ለሚሄድበት መንገድ ፍሪካድ የሚባለውን ፕሮግራም ሞክሩ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ማሽኔ ለብረት መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ለሙከራ ፑንታ ከመስበር በፊት አንድ የእጅ ሚዛንና አንድ ዳያል ጌጅ አዘጋጁ። ሞተሮቹ በርተው፣ ጌጁን ጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ ጫፉን ኮሌቱ ላይ አሳርፉ። በሚዛኑ ስፒንድሉን ወደ ጎን በ10 ኪሎ ጎትቱና አንብቡ። ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከመሃልም ድገሙት። እስከ 0.05 ሚሊ ከሆነ ወይራን ያለ ሐሳብ ቁረጡ። እስከ 0.02 አሉሚኒየም ይሄዳል። ብረት ለመጀመር 0.01 ወይም ከዚያ በታች እንመክራለን። 0.1 ካለፈ ጣታችሁን መገጣጠሚያዎቹ ላይ እያሳረፋችሁ የሚላወሰውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የላላ ቡሎን ወይም ቀጭን የስፒንድል መያዣ ነው፣ አብሽሩ። ጌጁ ከለቀቃችሁት በኋላ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ የጎበጠ ነገር የለም፣ የተንሸራተተ ነገር ነው ያለው።

ከወሎ ምን ይገኛል፣ ምን ከአዲስ አበባ ይመጣል?

አርኤችኤስ፣ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት፣ ቡሎን፣ ሽቦ፣ ብሬከር፣ ጠጠርና ብየዳ እዚሁ አለ። የስፒንድል መያዣና የሞተር ማሰሪያ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ሬይል፣ ቦል ስክሩ፣ ስፒንድል፣ ሞተርና ካርባይድ ፑንታ ከመርካቶ ነጋዴ ወይም ከቻይና በትእዛዝ ይመጣሉ። ያገለገለ ሬይል ስትገዙ ብሎኩን በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር ግፉት፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከኮረኮራችሁ ተዉት። ሬይሉና ስክሩው እጃችሁ ሳይገባ ፍሬሙን አትበይዱ፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ልክና በካርቶን የመጣው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ማሽኑን ሳሎን አጠገብ ባስቀምጠውስ?

አታስቀምጡት። የጠንካራ እንጨት ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ የአፍንጫ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ብናኝ መምጠጫና ጭምብል ግዴታ ነው። የብረትና የእንጨት ሥራ ስትቀያይሩ ጠረጴዛውን ጠርጉ፤ የጋለ የብረት ቅራፊ ደረቅ ብናኝ ውስጥ ተቀብሮ ሳይታይ ይጨስና ከሰዓታት በኋላ ይነዳል። መምጠጫው ውስጥም ሁለቱን አታቀላቅሉ።